የአጥንት ምርመራ ውጤት ስጠብቅ ላልተለየችኝ ነርስ፦ ምስጋና እና ጥቆማ

ይህን የምጽፈው እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ በአንድ ክሊኒክ የምትሠራ የአገራችን ልጅ ነርስ ለማመስገን ነው። ስሜን በአደባባይ አትጥሪው ብላኛለች፤ አከብርላታለሁ። ዝም ብዬ ማለፍ ግን አልቻልኩም። ዕድሜያችሁ ሃምሳን የተሻገረ እህቶቼ፣ በዕድሜ የገፋች እናት ያላችሁ ልጆች፣ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ባለፈው የብርድ ወቅት በረዶ አዳልጦኝ ወደቅሁ። ከቆምኩበት ነው የወደቅሁት፣ ከፎቅ አይደለም። የእጄ አንጓ ግን ተሰበረ። ድንገተኛ ክፍል ጀሶ አሰሩልኝና ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ለምን በቀላሉ ተሰበረ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። ነገሩን የያዘችው በኋላ መደበኛ ሐኪሜ ናት። በ61 ዓመት ከቁም ወድቆ መሰበር ብቻውን አጥንት የሚያስመረምር ምክንያት ነው አለችኝ። እዚህ አገር ሴቶች 65 ሲሞላቸው ሁሉም እንዲመረመሩ ይመከራል። የወር አበባዋ ከቆመ በኋላ አጥንቷን የሚያሰጋ ሌላ ምክንያት ያላት ሴት ግን 65ን መጠበቅ የለባትም። እንዲህ ሆኖ ዴክሳ ለሚባለው፣ አጥንት ምን ያህል እንደሳሳ ለሚለካው ምርመራ ተላክሁ።

የፈራሁት ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። እናቴ ደብረ ብርሃን ደጃፏ ላይ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። ወጌሻ ተጠራ፣ ታሸች፣ ታሰረች። ከዚያ ወዲያ ግን በእግሯ አልቆመችም። አልጋ ላይ እንዳለች ነው ያረፈችው። እኔ የሕፃናት መዋያ ውስጥ ነው የምሠራው። ቀኑን ሙሉ ልጅ አነሳለሁ፣ ልጅ አስቀምጣለሁ። «የአጥንት መሳሳት» የሚለውን ስሰማ ሥራዬም፣ እናቴም፣ መጨረሻዬም ባንድ ላይ ታዩኝ።

ነርሷን ያገኘኋት በዚህ ሁኔታ ነው። ገና ስሜን ጠርታ ፊቴን ስታየው በአማርኛ «ደህና ነዎት እናቴ? ቁጭ ይበሉ» አለችኝ። ጥያቄ ጀመረች። የወር አበባዎ በስንት ዓመትዎ ቆመ? ለአስም ወይም ለሌላ በሽታ ፕሬድኒሶን የሚባለውን መድኃኒት ለረጅም ጊዜ ወስደዋል? የታይሮይድ ችግር አለብዎት? ሲጋራስ? ከወላጆችዎ ዳሌው የተሰበረ አለ? እዚህ ላይ እንባዬ መጣ። አላቻኮለችኝም። የእናቴን ታሪክ እስክጨርስ እጄን ይዛ አዳመጠችኝ። ከዚያ ወረቀቷ ላይ ጻፈችው። የወላጅ የዳሌ ስብራት ሐኪሟ አደጋዬን ስታሰላ የሚቆጠር ነገር ነው አለችኝ። የእናቴ መከራ እኔን ለማከም የሚጠቅም መረጃ ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ጫማዬን አስወልቃ ግድግዳው ላይ ቁመቴን ለካች። ከወጣትነት ቁመት መቀነስ የጀርባ አጥንት ሳይታወቅ መጨማደዱን ሊጠቁም ይችላል አለችኝ። እኔም ጉልበቴን እንደሚያመኝ ነገርኳትና «በቃ ይሄው ነዋ በሽታው» አልኳት። «አይደለም እናቴ» አለች። የጉልበት ሕመም ብዙውን ጊዜ የመገጣጠሚያ ጉዳይ ነው። የአጥንት መሳሳት አጥንት እስኪሰበር ድረስ አያምም፤ ዝም ብሎ ነው የሚሄደው። ስንቶቻችን ነን «አላመመኝም» ብለን የተቀመጥነው!

ምርመራው ራሱ ምንም አይደለም። ከአንድ ቀን በፊት የካልሲየም ክኒን እንዳልወስድ፣ ብረት የሌለው ልብስ እንድለብስ ቀድማ ደውላ ነግራኝ ነበር። በጀርባዬ ተኛሁ፣ እግሮቼን ሳጥን መሳይ ነገር ላይ ሰቀሉልኝ፣ መሣሪያው ከላዬ ቀስ እያለ አለፈ። ቀጥሎ እግሬን ወደ ውስጥ አዙረው አስረው የዳሌዬን ምስል አነሱ። መርፌ የለም፣ ጠባብ ዋሻ ውስጥ መግባት የለም። ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ጨረሩም ከደረት ራጅ ያነሰ ነው።

ከባዱ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። መጠበቁ። ነርሷን የማመሰግነውም ከሁሉ በላይ በዚህ ነው።

ልወጣ ስል አስቀመጠችኝና እንዲህ አለችኝ፦ «ውጤቱን እኔ ልነግርዎት አልችልም፤ ያ የሐኪሟ ሥራ ነው። ግን ሲመጣ እንዳይደነግጡ እንዴት እንደሚነበብ ላሳይዎት።» ከ2021 ወዲህ እዚህ አገር የምርመራ ውጤት እንደወጣ ለታካሚው እንዲታይ ሕጉ ያዛል። ስለዚህ ሐኪሟ ሳትደውል ቁጥሩ ስልኬ ላይ ሊገባ ይችላል። ይህን ቀድሞ የሚነግር ስንት ሰው አለ? ሌሊት ስልኩ ጢን ይላል፣ ከፍተህ ታያለህ፣ የማታውቀው ቁጥር ተደርድሯል፣ የምትጠይቀው ሰው የለም።

የቀጠሮ ወረቀቴን ገልብጣ በአማርኛ ጻፈችልኝ። ቲ ስኮር የሚባለው ቁጥር አጥንቴን ከጤነኛ ወጣት ሴት አጥንት ጋር ያወዳድራል። ከኔጋቲቭ 1 በላይ ከሆነ ደህና ነው። ከኔጋቲቭ 1 እስከ ኔጋቲቭ 2.5 መካከል ከሆነ አጥንቱ መቀነስ ጀምሯል፣ ኦስቲዮፔኒያ ይሉታል። ኔጋቲቭ 2.5 እና ከዚያ በታች ከሆነ ኦስቲዮፖሮሲስ ነው፣ የአጥንት መሳሳት የምንለው። ይህን መስፈርት የዓለም ጤና ድርጅት በ1994 እንዳወጣው ነገረችኝ። ከሥሩ አስምራ ደግሞ «ቁጥሩ ብቻውን አይፈርድም» ብላ ጻፈች። ዕድሜ፣ የቀድሞ ስብራት፣ የቤተሰብ ታሪክ ሁሉ ተደምሮ ነው ሐኪም የሚወስነው። አንድ ዓይነት ቁጥር ያላቸው ሁለት ሴቶች የተለያየ ሕክምና ሊታዘዝላቸው ይችላል።

ያንን ወረቀት ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፍኩት። ልጆቼም አነበቡት።

ቢሆንም ጨነቀኝ። ሰው ነኝ። ሌሊት እየተነሳሁ ዩቲዩብ ከፈትኩ። አንዱ ወተት መርዝ ነው ይላል፣ አንዱ ይህን ዱቄት ግዙና በወር አጥንታችሁ ይሞላል ይላል። መላ ሲጠፋኝ ክሊኒኩ ደወልኩና መልእክት ተውኩ። ማታ ሥራዋን ጨርሳ ደወለችልኝ። ከጀርባዋ የመኪና ድምፅ ይሰማል፣ ገና ቤቷ አልደረሰችም። «ምን ሆኑ እናቴ?» አለችኝ። የመጀመሪያ ጥያቄዬ «ልጆች ማንሳት ልተው?» ነበር። ሥራ አይተዉም፣ አነሳስ ይቀየራል አለችኝ። ወገብን አጉብጦ ሳይሆን ጉልበትን አጥፎ፣ ልጁን ወደ ደረት አስጠግቶ ነው። ሰውነት መንቀሳቀሱ ለአጥንት ይበጃል፣ እግር መራመድ እንዳላቆም አጥብቃ ነገረችኝ። ከዚያ «ደረጃ ላይ ነጠላ ጫማ ያደርጋሉ?» አለችኝ። አዎ፣ አደርጋለሁ። «ዛሬውኑ ይቀይሩት።» ሳሎን የሚንሸራተተውን ምንጣፍ ማንሳት፣ ማታ ወደ ሽንት ቤት የሚወስደው መተላለፊያ ላይ ትንሽ መብራት መተው። ውጤቱ ምንም ይሁን ምን፣ እነዚህ ከዛሬ ጀምረው የሚጠቅሙ ናቸው። ስልኩን ስዘጋ የምሠራው ነገር ነበረኝ። ለጨነቀው ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ውጤቱ እንዳለችው ሐኪሟ ሳትደውል ስልኬ ላይ ገባ። የጀርባ አጥንቴ ኔጋቲቭ 2.6፣ ዳሌዬ ኔጋቲቭ 1.9። ወረቀቱ ጋ ሄጄ አነበብኩ። ኦስቲዮፖሮሲስ ነው። አለቀስኩ፣ አልደብቃችሁም። ግን ምን እንደሆነ አውቄ ነው ያለቀስኩት። ዳሌዬ ገና እዚያ እንዳልደረሰም ገብቶኛል። የእናቴን ነገር እያሰብኩ ለነበርኩት ለእኔ ያ ትልቅ ነገር ነው። ሐኪሟ በማግስቱ ስትደውል ጥያቄዎቼን ጽፌ ጠበቅኋት። የቫይታሚን ዲ፣ የካልሲየምና የኩላሊት የደም ምርመራ አዘዘች፣ ጥርሴንም እንዳስመረምር ነገረችኝ፣ ከዚያ በሳምንት አንዴ የሚወሰድ አሌንድሮኔት የሚባል ክኒን ጀመርኩ።

እዚህ ላይ ደግሞ የአገር ልጅ መሆን ምን ያህል እንደሚጠቅም አየሁ። ክኒኑ የሚወሰደው ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ንጹህ ውኃ ነው። ከዚያ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መተኛት የለም፣ መብላት የለም፣ ቡናም የለም። ካልሆነ ጉሮሮን ያቃጥላል ወይም ሰውነት ውስጥ ሳይገባ ይቀራል። የካልሲየም ክኒንም አብሮ አይወሰድም። ነርሷ «የትኛው ቀን ይመችዎታል?» አለችኝ። እሁድ አልኳት፣ ሥራ ስለማልገባ። «እሁድማ ቅዳሴ አለብዎት፣ ውኃስ እንዴት ይጠጣሉ? ረቡዕና ዓርብም ጾም ነው። ቅዳሜ ጠዋት ይሁን፣ በዐቢይ ጾምም ቢሆን ከቀዳም ሥዑር በቀር ቅዳሜ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይጾምም» አለችኝ። ቅዳሜ የሚቀድሱ ከሆነ ደግሞ ሌላ ቀን እንመርጣለን አለች። ይህን የሚያስብልኝ ሌላ ማን ነበር? ዝም ብዬ እሁድ ብል ኖሮ ወይ መድኃኒቱ ወይ ቅዳሴው ይቀር ነበር።

ስግደትንም ራሷ ናት ያነሳችው። የጀርባ አጥንቱ ለሳሳ ሰው ወገብን አጉብጦ ደጋግሞ መውረድ አደገኛ ሊሆን ይችላል። የሰሙነ ሕማማት ስግደት ሳይደርስ ፊዚዮቴራፒስት (የሰውነት እንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያ) አጎነባበሴን እንድታይልኝ፣ ከንስሐ አባቴም ጋር እንድነጋገር መከረችኝ። አባም «እንደ አቅምሽ ነው ልጄ፣ ቆመሽ ጸልዪ» አሉኝ። ሁለቱም ወገን ሰላም ሆነ።

ስለ ምግብ የነገረችኝንም ላካፍላችሁ። ከሃምሳ በላይ ላለች ሴት በቀን 1200 ሚሊግራም ያህል ካልሲየም ይመከራል። ይህ የምግቡና የክኒኑ ድምር ነው፤ ከምግብ ያገኘነውን ቆጥረን የጎደለውን ብቻ በክኒን እንሞላለን። በጾም ወተትና እርጎ ስለሚቀር ብዙዎቻችን ላይ ይጎድላል። ግን ጤፍ አለን። 100 ግራም ጤፍ ወደ 180 ሚሊግራም ካልሲየም አለው፣ ከስንዴ እጅግ ይበልጣል። «የሚገዙት እንጀራ ግን ንጹህ ጤፍ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። እዚህ የሚሸጠው ብዙው ከሌላ ዱቄት ጋር የተቀላቀለ ነው፣ ጀርባውን አንብቡ። ጎመንም፣ ያልተፈተገ ሰሊጥም፣ ካልሲየም የተጨመረበት የአኩሪ አተር ወተትም ለጾም ይሆናሉ። ቫይታሚን ዲ ደግሞ እንደ እኛ ጠቆር ያለ ቆዳ ላለውና ብርዱን ቤት ዘግቶ ለሚያሳልፍ ሰው በቀላሉ ስለሚያንስ በደም ምርመራ ማወቁ ጥሩ ነው። የእኔም አንሶ ተገኝቷል፣ እየወሰድኩ ነው።

አንቺ የእኔ ልጅ፣ ይህን እንደምታነቢው አውቃለሁ። የወለደችሽ እናት ትባረክ። ሥራሽን ብቻ ሠርተሽ መሄድ ትችይ ነበር። ማታ ደክሞሽ መንገድ ላይ ሆነሽ የደወልሽልኝን መቼም አልረሳውም። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፣ ልጆችሽን ያሳድግልሽ።

ሌላ የአሜሪካ ስቴት ያላችሁ ደግሞ አማርኛ የሚናገር ሠራተኛ ባታገኙ አስተርጓሚ ጠይቁ። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታልና ክሊኒክ በነፃ ማቅረብ አለበት፣ በስልክም ቢሆን። ቀጠሮ ስትይዙ ነው የሚጠየቀው። እናታችሁን ይዛችሁ ስትሄዱ ራሳችሁ ማስተርጎም የለባችሁም። እናት ስለ ወር አበባዋ በልጇ በኩል መናገር ታፍራለች፣ እውነቱም ሳይነገር ይቀራል።

እዚሁ አካባቢ ያላችሁና የክሊኒኩን አድራሻ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልክላችኋለሁ። ለመሄድ መጀመሪያ ከሐኪማችሁ የምርመራ ትእዛዝ ያስፈልጋል። ኢንሹራንሳችሁም እንደሚሸፍን ቀድማችሁ ደውላችሁ አረጋግጡ፤ ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥት ኢንሹራንስ ያላችሁ መስፈርቱን ካሟላችሁ በየ24 ወሩ ይሸፍንላችኋል። ስትደውሉ «አማርኛ የምትናገረዋ ነርስ» በሉ፣ ወዲያው ያውቋታል። ሐሙስ ግን አትገባም።