የጋዟ ሲቪክ፣ ከ14 ወር በኋላ

ግሬፕቫይን ዳገት ላይ ነው የከዳችኝ። ካሊፎርኒያ ውስጥ በሎስ አንጀለስና በቤከርስፊልድ መካከል በአይ-5 አውራ ጎዳና የነዳ ሰው ቦታውን ያውቀዋል። ከባድ መኪኖች በቀኝ በኩል እየተንፏቀቁ ይወጣሉ። ያን ቀን እኔም ከነሱ ጋር ነበርኩ። ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረግጫለሁ፣ ሞተሩ ያንገራግራል፣ የቼክ ኢንጂን መብራት ብልጭ ድርግም ይላል።

መኪናዋ የ2012 ሆንዳ ሲቪክ ናቹራል ጋዝ ናት። ከፋብሪካ ጀምሮ የተጨመቀ የተፈጥሮ ጋዝ እንጂ ቤንዚን ቀምሳ አታውቅም። ሁለተኛ እጅ ነው የገዛኋት። 110 የፈረስ ጉልበት አላት፤ የቤንዚን እህቷ 140። ይህ ብልሽት አይደለም። ጋዝ ወደ ሞተር ሲገባ ሰፊ ቦታ ስለሚይዝ የአየሩን ድርሻ ይሻማል። ስለዚህ «ደከመች» ብላችሁ ጋራዥ አትመላለሱ። ትናንት የወጣችውን ዳገት ዛሬ ካቃታት ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

የመኪናዋን የብልሽት ኮድ የሚያነብ መሣሪያ ሰካሁ። ፒ0302 አለ፤ ሁለተኛው ሲሊንደር በደንብ አያቃጥልም ማለት ነው። ለካንዴላ ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን ቦቢና የሁለተኛውንና የአራተኛውን አቀያየርኩ። ቦቢናው ቢሆን ኖሮ ኮዱ ወደ ፒ0304 ይዞር ነበር። አልዞረም። ካንዴላዎቹን ስፈታ ጫፋቸው ተበልቶ ክፍተቱ ሰፍቷል። ጋዝ ለመቀጣጠል ከቤንዚን የበረታ እሳት ይፈልጋል፣ የዚህች ሞተር ጭመቃ ደግሞ ከፍ ያለ ነው፣ 12.7 ለ 1። የቤንዚን መኪና ዝም ብሎ የሚያልፈው ያረጀ ካንዴላ እዚህ ወዲያው ያሳብቃል። አራቱንም ቀየርኩ። መንቀጥቀጡ ጠፋ።

ጉልበቱ ግን አልተመለሰም። ትንሽ ቆይቶ ፒ0171 መጣ፤ ነዳጁ ከአየሩ አንሷል። አንድ ጋራዥ የጭሱን ኦክስጅን የሚለካውን ሴንሰር ቀየረልኝ። ገንዘቡ ሄደ፣ ኮዱ ተመልሶ መጣ። በመጨረሻ የጋዝ አውቶቡስ ሞተር የሚጠግን ወዳጄ ጋ ደወልኩ።

«ፊልትሮውን መቼ ነው የቀየርከው?»

«የአየሩን? ባለፈው ወር።»

«የአየሩን አላልኩህም የኔ ወንድም፣ የጋዙን።»

የጋዝ ፊልትሮ እንዳላት እንኳ አላውቅም ነበር። ማደያ ላይ ጋዙን የሚጨምቀው ኮምፕረሰር ከራሱ ዘይት ጥቂት ጥቂት ወደ ጋዙ ይለቃል። ፊልትሮው ያን ዘይት ይይዛል። ሲሞላ ጋዙ በበቂ አያልፍም፣ በተለይ ዳገት ላይ ብዙ ሲፈለግ። ዘይቱ ካመለጠ ደግሞ የጋዙን ግፊት የሚቀንሰውን ሬጉሌተርና ጋዙን ወደ ሞተሩ የሚረጩትን ኢንጀክተሮች ያቆሽሻል። የኔው ሲወጣ ጥቁር ዘይት ተንጠባጠበ። የድሮው ባለቤት ነክቶት የሚያውቅ አይመስለኝም። ይህን ሥራ ራሳችሁ አትሞክሩት። መስመሩ ውስጥ እስከ 3600 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) የሚደርስ ኃይለኛ ግፊት አለ፤ መጀመሪያ ቫልቩ ተዘግቶ ግፊቱ መውጣት አለበት፣ ያንንም የሚያውቅ ሰው ይሥራው።

ከሞተሩ ውጭ አንድ ነገር ለብዙ ወራት አናዶኛል፤ የጋዙን መጠን የሚያሳየው ጌጅ። ሞልቼ እወጣለሁ፣ ቤት ስደርስ ጎድሏል። ያፈስሳል ብዬ መስመሩን ሁሉ በሳሙና ውኃ ፈተሽኩ፤ አንድም አረፋ የለም። ለካ በፍጥነት ሲሞላ ታንኩ ውስጥ ያለው ጋዝ ይሞቃል፣ ግፊቱም ከፍ ብሎ ይታያል። ሲቀዘቅዝ ይወርዳል። ቀስ ብሎ የሚሞላ ወይም ጥሩ ግፊት ያለው ማደያ ካገኛችሁ አትልቀቁት።

የዕቃ መጫኛው አብዛኛው በታንኩ ተይዟል። ሁለት ሻንጣ ይዞ የመጣ እንግዳ ከኤርፖርት ስቀበል አንዱ ሻንጣ የኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ልትገዙ ካሰባችሁ የታንኩን ወረቀት አንብቡ፤ አገልግሎቱ የሚያበቃበት ቀን ተጽፎበታል። በየ3 ዓመቱ ወይም በየ36,000 ማይሉ መፈተሽም አለበት።

ባለፈው ሳምንት ግሬፕቫይንን እንደገና ወጣን። ከባድ መኪኖቹን አለፍናቸው። ከነሱ ሌላ ያለፍነው ግን የለም።