ትራያምፍ 650፣ ያማሃ ኤክስኤስ650 ወይስ ቦክሰር? ለበረሃ ውድድር የሚታደስ ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተር ስትመርጡ

አሮጌ ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተር ገዝቶ፣ ፈትቶና አድሶ የበረሃ ውድድር ላይ መሰለፍ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ፈረስ ጉልበቱ ነው። እኔ ግን ቅድሚያ የምሰጠው የፒስተኖቹን መውጣትና መውረድ ወደ መዞር ለሚቀይረው ዘንግ፣ ለክራንክሻፍቱ ነው። ፒስተን ይገዛል፤ ፋሻ፣ ማለትም የፒስተን ቀለበት፣ ይገዛል፤ ካርቡራተር ይቀየራል። እድሳቱ ስንት ይፈጃል? ሥራውን ራሳችሁ ትጨርሱታላችሁ ወይስ ቶርኖ ቤት ደጅ ትጠናላችሁ? ሁለት ሰዓት ከነዳችሁ በኋላ እጃችሁ ይደነዝዛል ወይስ አይደነዝዝም? ይሄን ሁሉ የሚወስነው ክራንክሻፍቱ ነው።

እዚህ የማነጻጽረው በአሮጌ ሞተር ሳይክሎች ውድድር ላይ የሚታወቁ ሦስት ሞተሮችን ነው። የእንግሊዙ ትራያምፍ 650፣ የጃፓኑ ያማሃ ኤክስኤስ650 እና ሲሊንደሮቹ ግራና ቀኝ የተጋደሙት የጀርመኑ የቢኤምደብልዩ ቦክሰር ናቸው። እውነተኛው ፉክክር ያለው በመጀመሪያዎቹ ሁለት መካከል ነው። ቦክሰሩ የተለየ ዓላማ ላለው ሰው ነው።

"ባላንስ ተደርጓል" ሲሏችሁ

ትራያምፉም ያማሃውም ከፋብሪካ የወጡት ባለ 360 ዲግሪ ክራንክሻፍት ሆነው ነው። ሁለቱ ፒስተኖች አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ። የሚተኩሱት ግን በየተራ ነው፤ በአንዱ ዙር ግራው፣ በሚቀጥለው ቀኙ። አተኳኮሱ እኩል ስለሆነ ድምፁ ያምራል። ችግሩ ሁለቱም ፒስተኖች ጫፍ ደርሰው እኩል ቆመው እኩል መመለሳቸው ነው። ሞተሩን የሚያንቀጠቅጠው ይሄ ነው።

ይሄን ለማቻቻል ክራንክሻፍቱ ላይ፣ ከፒስተኖቹ በተቃራኒ በኩል፣ ክብደት ይደረጋል። ከፒስተኑ፣ ከፒኑ፣ ከፋሻውና ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ ጋር ከሚያገናኘው ክንድ፣ ከቤላው፣ የላይኛ ጫፍ ክብደት ስንት በመቶው በዚህ ተቃራኒ ክብደት እንደሚቻቻል የሚነግረን ቁጥር አለ። የባላንስ መቶኛ እንበለው። ሞተሩና ካምቢዮው በአንድ አካል ለተሠሩት ከ1963 ወዲህ ላሉት ትራያምፍ 650ዎች ፋብሪካው የሰጠው ቁጥር 85 በመቶ ነው።

ታዲያ ለምን 100 አናደርገውም? ያን ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች ያለው መንቀጥቀጥ ይጠፋና ክብደቱ ራሱ ሞተሩን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይገፋዋል። በዚህ ዓይነት ሞተር ላይ መቶኛውን መቀየር ንዝረቱን አያጠፋውም፤ አቅጣጫውን ነው የሚያዞረው። የትኛው አቅጣጫ እንደሚሻል የሚወሰነው በፍሬሙ ነው። ለዚህ ነው አንዱ ፍሬም ላይ ለስላሳ የነበረ ሞተር ሌላው ላይ ሲገባ ጥርስ የሚያንገጫግጨው።

ሁለት ነገሮችን ደግሞ ያዙ። አንደኛ፣ የመንቀጥቀጡ ጉልበት በዙር ካሬ ነው የሚያድገው። በደቂቃ 3,500 ዙር ላይ ያለው መንቀጥቀጥ በ7,000 ላይ አራት እጥፍ ይሆናል። ሁለተኛ፣ በክራንክሻፍቱ ፍጥነት እጥፍ የሚመጣ ሌላ ንዝረት አለ። መጠኑ ከዋናው ሩብ ገደማ ነው። ይሄንን ክራንክሻፍቱ ላይ የሚደረግ የትኛውም ክብደት አይነካውም።

ስለዚህ ሻጭ "ባላንስ የተደረገ ነው" ሲላችሁ በስንት መቶኛ፣ በየትኞቹ ፒስተኖች ብላችሁ ጠይቁ። ከባላንሱ በኋላ ከባድ ወይም ቀላል ፒስተን ከገባ ያ ቁጥር ዋጋ የለውም። ክብደቶቹ የተጻፉበት ወረቀት ካለ ጥሩ። ከሌለ እንዳልተሠራ ቆጥራችሁ ዋጋውን ተከራከሩ።

ትራያምፍ 650

ቦሩ፣ ማለትም የሲሊንደሩ ስፋት፣ 71፣ ስትሮኩ፣ ማለትም ፒስተኑ የሚመላለስበት ርቀት፣ 82 ሚሊሜትር ነው፤ 649 ሲሲ። ስትሮኩ ረጅም ስለሆነ ከታች ጀምሮ ይጎትታል፤ አሸዋ ላይ ደስ የሚል ባሕርይ ነው። ከያማሃውም ቀለል ይላል። የካሊፎርኒያ የበረሃ ተወዳዳሪዎች ለዓመታት የሙጥኝ ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ተዋናዩ ስቲቭ ማክዊን በ1964 ምሥራቅ ጀርመን ኤርፈርት በተካሄደው የስድስት ቀን ውድድር ከአሜሪካ ቡድን ጋር የተሰለፈው በዚሁ በትራያምፍ 650 ነበር።

ለሚያድስ ሰው የትራያምፍ ትልቁ ውለታ ክራንክሻፍቱ ነው። አንድ ወጥ ብረት ሆኖ ቮላኖው፣ ማለትም ከባዱ ክብ ብረት፣ መሐሉ ላይ በብሎን ይታሰራል። ቤላዎቹ ከታች ሁለት ቦታ ተከፍለው በብሎን የሚገጠሙና በብሮንዚን፣ ማለትም ዘንጉ በሚሽከረከርበት ስስ የብረት ልባስ፣ የሚሠሩ ናቸው። ስለዚህ አውልቃችሁ በኩሽና ሚዛን ልትመዝኗቸው ትችላላችሁ። የቤላውን ሁለት ጫፎች ለየብቻ ትመዝናላችሁ። ከባዱን ፈግፍጋችሁ ከቀላሉ ጋር ታስተካክላላችሁ። ክራንክሻፍቱ ከተበላ ደግሞ ሬትፊካ ተደርጎ፣ ማለትም ተሞርዶ ለስልሶ፣ ወፍራም ብሮንዚን ይገባለታል። የመኪና ክራንክሻፍት የሚሠራ ጨዋ ባለሙያ ሁሉ ይችለዋል።

የባላንሱ ሥራም የሚገባ ነው። በቤላዎቹ ቦታ የተሰላ ክብደት ይታሰራል። ክራንክሻፍቱ በሁለት ቀጥ ያሉ ሐዲዶች ላይ ይቀመጣል። ሁልጊዜ አንድ ጎኑ ወደ ታች የሚዞር ከሆነ ቮላኖው ላይ በዚያ በኩል ይበሳል። የትም ቢያቆሙት ባለበት የሚቆም ከሆነ አልቋል። ከበቂ በላይ የሚሠራ ዘዴ ነው። ግራና ቀኙ እኩል መሆኑን ግን የሚያሳየው በማሽን እየዞረ ሲለካ ብቻ ነው። ለውድድር ከሆነ ለማሽኑ ክፈሉ።

አሁን ወደ ጣጣው። ክራንክሻፍቱ ውስጥ የዘይት ቆሻሻ የሚያጠራቅም ቱቦ አለ። ካልተጸዳ ሞልቶ የዘይቱን መንገድ ይዘጋና ብሮንዚኑን ይበላዋል። ይሄን ቱቦ ያላወጣ እድሳት እድሳት አይባልም። የሞተሩ ገላ የሚከፈለው እንደ ለውዝ ግራና ቀኝ ሆኖ ስለሆነ ዘይት ማንጠባጠቡን ልመዱት። ብሎኖቹ ደግሞ የእንግሊዝ ልክ ናቸው። እንደ ዘመኑም ይለያያሉ። በሚሊሜትር ቁልፍ ከነካካችኋቸው ታበላሿቸዋላችሁ።

ያማሃ ኤክስኤስ650

በ1969 መጨረሻ ብቅ አለ። ቦሩ 75፣ ስትሮኩ 74 ሚሊሜትር፤ 653 ሲሲ። ስትሮኩ አጭር ስለሆነ ዙር ይወዳል። ገላው የሚከፈለው አግድም፣ ላይና ታች ነው። ዘይት አያፈስም ማለት ይቻላል። ብሎኑ ሁሉ ሚሊሜትር ነው። አሜሪካዊው ተወዳዳሪ ኬኒ ሮበርትስ በ1973 እና በ1974 የአሜሪካን ግራንድ ናሽናል ሻምፒዮና ሲወስድ በአፈር ትራኮቹ ላይ የነዳው ከዚህ የተወለደ ሞተር ነው።

ጠንካራነቱ ከክራንክሻፍቱ ይመጣል፤ ራስ ምታቱም እንደዚሁ። ብሮንዚን የለውም። ሁሉም በኩሽኔታ ነው የሚሠራው። ለመገጣጠም ክፍሎቹ በከባድ ፕሬስ ተገፍተው ይገባሉ። ቤላ ለመቀየር ሙሉውን በፕሬስ መለያየት፣ መልሶ መግጠም፣ ከዚያም በሁለት ማዕከል ላይ እያዞሩ ቀጥ ማለቱን በኮምፓራተር መለካት ያስፈልጋል። በጓሮ የሚሠራ አይደለም። ልምድ ያለው ሰው ካላገኛችሁ አትጀምሩት። ደግነቱ ዘይት በጊዜ ከተቀየረለት ይሄ ክራንክሻፍት ቶሎ አያረጅም። ብዙ ጊዜ ፒስተንና ፋሻ፣ የካምሻፍት፣ ማለትም ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ፣ ሰንሰለትና መምሪያው ብቻ ይበቃሉ። ታች ያለውን የዘይት ወንፊት ግን አውጡና እዩት። የመቀደድ አመል አለው።

ግን ክራንክሻፍቱን ለመፍታት ከተገደዳችሁ አንድ ዕድል ይከፈታል። ሁለቱ ግማሾች መሐል ላይ የሚያያዙት 13 ጥርስ ባለው ዘንግ ነው። 360ን ለ13 ስታካፍሉት አንዱ ጥርስ 27.7 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። አንዱን ግማሽ ሦስት ጥርስ ስታዞሩት 83 ዲግሪ ይንቀሳቀስና ከ360 ተቀንሶ 277 ላይ ይቀመጣል። ዝነኛው ባለ 277 ያማሃ ማለት ይሄ ነው።

ምን ይጠቅማል? አንዱ ፒስተን ላይ ደርሶ ሲቆም ሌላው መሐል አካባቢ በሙሉ ፍጥነቱ ላይ ነው። ክራንክሻፍቱ በየዙሩ አይደናቀፍም። ያ በእጥፍ ፍጥነት የሚመጣ፣ በክብደት የማይነካው ንዝረትም ከሁለቱ ፒስተኖች በተቃራኒ ስለሚመጣ ከሞላ ጎደል ይጠፋል። ዋናው ንዝረትም ይቀንሳል። የሚቀረው ሞተሩን ግራና ቀኝ የሚያወዛውዝ ጉልበት ነው። ለውጡ በእጅ የሚዳሰስ ነው። አተኳኮሱ እኩል መሆኑ ይቀርና በ277 እና በ443 ዲግሪ ይሆናል። ብዙ ነጂዎች ጎማው አፈሩን የተሻለ ይይዛል ይላሉ። እኔ ለእሱ ስል አልከፍልም። ለንዝረቱ ግን እከፍላለሁ።

ወጪው ክራንክሻፍቱ ላይ አያበቃም። ካምሻፍቱም በልኩ መዞር ወይም ተቀይሮ የተሠራ መገዛት አለበት። የካንዴላው አተኳኮስም መስተካከል አለበት። ለየሲሊንደሩ የየራሱ ፕላቲን፣ ማለትም የካንዴላውን እሳት የሚያስነሳ መቀያየሪያ፣ ያላቸው የቀድሞዎቹ እዚህ ላይ ይቀላሉ። ለውድድር ከሆነ ክፍሎቹ ከቦታቸው እንዳይዞሩ የፕሬሱ መጋጠሚያዎች በብየዳ ይያዛሉ። የምትወዳደሩበት ምድብ ይሄን ለውጥ መፍቀዱንም አስቀድማችሁ ደንቡን አንብቡ።

ዕቃ ስታዙ የሞተር ቁጥሩን ተመልከቱ። በ256 የሚጀምሩት የመጀመሪያዎቹ ናቸው። ከ1974 ሞዴል ጀምሮ ያሉት በ447 ይጀምራሉ። ቤላና ፒስተናቸው አይገጣጠምም። ጉልበት ለሚፈልግ 80 ሚሊሜትር ፒስተን ይገባለታል፤ 744 ሲሲ ይሆናል። ያን ጊዜ ፒስተኑ ከበድ ስለሚል የባላንሱ ስሌት እንደ አዲስ ይጀመራል።

ቦክሰሩ

ሁለቱ ፒስተኖች በተቃራኒ አቅጣጫ አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይመለሳሉ። እርስ በርሳቸው ይቻቻላሉ። በአንድ መስመር ስላልሆኑ ትንሽ መወዛወዝ ብቻ ይቀራል። ባላንስ ማለት እዚህ ጋ ሁለቱን ፒስተኖችና ሁለቱን ቤላዎች እኩል እንዲመዝኑ ማድረግ ነው ለማለት ይቻላል። ፈረንሳዊው ኡበር ኦሪዮል በ1981 የበረሃ ውድድሩን ፓሪስ-ዳካርን ያሸነፈው በቢኤምደብልዩ ቦክሰር ነው። ለረጅም ርቀት አይታማም። ግን ሰፊ ነው። ሲሊንደሮቹ ግራና ቀኝ ወጥተው ድንጋይ ይጠብቃሉ። ጠባብ መንገድና ዝላይ ባለበት ውድድር አልመክረውም። ራሳችሁ የምትፈቱት ከሆነ ቮላኖውን ከማውለቃችሁ በፊት ክራንክሻፍቱን ከፊት በኩል ወደ ፊት እንዳይንሸራተት አስደግፉት። ከተንሸራተተ ውስጥ ያለው ቀለበት ከቦታው ይወድቅና መልሳችሁ ስታጠብቁ ገላውን ትጎዱታላችሁ።

ለማን የትኛው

መጀመሪያችሁ ከሆነና የተሟላ ጋራዥ ከሌላችሁ ያማሃውን ግዙ። ክራንክሻፍቱ ጤነኛ የሆነውን ፈልጉ። 360ውን እንዳለ ተዉትና ፒስተኖቹን ብቻ እኩል አስመዝኑ። ሎስ አንጀለስ ሆናችሁ ሞሃቪ በረሃ ላይ መንዳት ለምታስቡ፣ አሜሪካ በብዛት ስለተሸጠበት ሙሉ ሞተር ማግኘት አይቸግርም።

እያንዳንዷን ግራም በእጃችሁ መዝናችሁ መሥራት የምትወዱ ከሆነ ትራያምፉ ይስማማችኋል። ክብደት የሚቆጠርበት፣ ከ1970 በፊት ለተሠሩ ብቻ የተከፈተ ምድብም ከሆነ እንደዚያው።

ባለ 277 ተሠርቶ የተሸጠ ያማሃ ካጋጠማችሁ ሥራውን የሠራው ማን እንደሆነ ጠይቁ። ከዚያ ሁለቱን ካንዴላዎች አውልቃችሁ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ቀጭን ዘንግ አስገቡና ሞተሩን በእጅ ቀስ ብላችሁ አዙሩ። አንዱ ፒስተን ጫፍ ሲደርስ ሌላው መሐል አካባቢ ካልሆነ የተነገራችሁ ውሸት ነው።