ለዚያ ደብረ ማርቆስ ላለው ባለሙያ፦ እግዜር ይስጥልኝ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ይህን የምጽፈው ደብረ ማርቆስ ውስጥ ቴሌቪዥንና ራዲዮ የሚጠግን አንድ ወንድማችንን ለማመስገን ነው። «ስሜን እንዳታወጣ» ስላለኝ አልጠቅሰውም። በሪሞት የሚበር ሞዴል አውሮፕላን ያላችሁ ግን በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ።

የእኔዋ የፎም ናት፤ ታላቅ ወንድሜ ከውጭ ሲመጣ ያመጣልኝ። በሁለተኛው ቀን አፍንጫዋን መሬት ላይ ተክዬ ሰበርኳት፣ የጅራቷ ሰርቮም (ታጣፊውን የሚያንቀሳቅሰው ትንሽ ሞተር) መሥራት አቆመ። ባለሙያው ሰርቮውን ፈታና ከውስጡ የተበላችውን ትንሽዬ የፕላስቲክ ጥርስ በመርፌ ጫፍ አንስቶ አሳየኝ። ከአሮጌ ሰርቮ ሌላ አውጥቶ ገጠመላት፣ አፍንጫዋንም በሙጫ መለሰ። ከዚያ «ማን አስተማረህ?» አለኝ። ማንም። «በል እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ነፋስ ሳይነሳ እንገናኝ።»

ያስተማረኝ አፍንጫን ሰቅሎ በዝግታ መብረርን ነው። ጭልፊት ማሳ ላይ አይጥ ስትጠብቅ አይታችኋል? እንደዚያ። አፍንጫዋ 45 ዲግሪ ያህል ሲነሳ ክንፏ አየሩን እንደ ወትሮው መያዝ ያቅተዋል፤ ክብደቷን በአብዛኛው የሚሸከመው ፕሮፔለሩ ይሆናል። ስለዚህ ከፍታዋ በስሮትል (በሞተሩ ጉልበት መስጫ)፣ አፍንጫዋ በኤለቬተር (ጅራቷ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች በሚታጠፈው)፣ አቅጣጫዋ በራደር (ጅራቷ ላይ ግራና ቀኝ በሚታጠፈው) ነው የሚያዘው። እኔ ዝቅ ባለች ቁጥር ኤለቬተር እስብ ነበር፤ ያኔ ይብስባታል። አውራ ጣቱን በአውራ ጣቴ ላይ አድርጎ ስሮትሉን ገፋው፦ «ስትወርድ አትጎትታት፣ ጉልበት ስጣት!» ያቺን ግፊት ጣቴ እስከ ዛሬ አልረሳትም።

አንድ ነገር ደግሞ ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ፕሮፔለሩ ቆላ ላይ እንደሚስበው አይስብም። ጅራቷን በእጅ ሚዛን አስሮ ለካት፦ ክብደቷ 800 ግራም፣ የምትስበው 850። «ትርፍ ጉልበት የላትም» ብሎ ተለቅ ያለ ፕሮፔለር ቀየረላት፣ ሞተሩ እንዳይቃጠልም የሚስበውን አምፒር ለካ። ክንፎቿ ግራና ቀኝ ሲወዛወዙ ደግሞ ሁለቱንም ኤይለሮን (ከክንፎቿ ኋላ የሚታጠፉትን) በሪሞቱ ጥቂት ወደ ላይ አነሳቸው፤ ረጋች። ባትሪውም ባለ ሦስት ሴል ስለሆነ ሞልቶ 12.6 ቮልት ነው፤ 11.1 ሳይደርስ አሳርፋት አለኝ።

ባለፈው እሑድ ከታጨደው የጤፍ ማሳ ጫፍ እስከ ጫፍ በሰው እርምጃ ፍጥነት አበረርኳት። እረኛ ልጆች ከሥሯ እየተራመዱ አብረዋት ሄዱ። እሱ ዳር ቆሞ ምንም አላለም፣ ሪሞቱንም አልነካም።

ለጥገናው የተቀበለኝ የዕቃውን ዋጋ ብቻ ነው፤ ለማስተማሩ ሳንቲም አልነካም። እናንተ ስትሄዱ ግን በግድም ቢሆን ክፈሉት፣ የልጆች አባት ነው። በሥራ ቀን ሱቁ ሰው ስለሚበዛበት ወደ ማታ ሂዱ፤ ባትሪውንና ሪሞቱን አብራችሁ ያዙ፣ አለዚያ ይመልሳችኋል።