ለስልክ ባለሙያው ወንድማችን የቀረበ ምስጋና፣ አይፎን ለያዛችሁ ደግሞ ጥቆማ

መገናኛ አካባቢ አነስተኛ ሱቅ ከፍቶ ስልክ ለሚጠግነው ወንድማችን በመሥሪያ ቤታችን ባልደረቦች ስም የከበረ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። በ2006 ዓ.ም. የካቲት ወር በአይፎን ሶፍትዌር ላይ ስለተገለጠው ከባድ የደህንነት ክፍተት እኛ ገና ምንም ሳንሰማ ቢሮአችን ድረስ መጥቶ ነገሩን አስረድቶናል፤ የሠራተኞቻችንንም ስልኮች አንድ በአንድ መርምሮ አስተካክሎልናል።

አፕል የካቲት 14 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 21 ቀን 2014፣ የአይፎን ሶፍትዌር የሆነውን አይኦኤስ 7.0.6ን ሲለቅ የሰጠው ማብራሪያ እጅግ አጭር ስለነበር ብዙ ሰው እንደ ተራ ማሻሻያ ቆጥሮ አልፎታል። ባለሙያው ግን ጉዳዩን ከሥሩ ነገረን። ስልካችን ከባንክ ወይም ከኢሜይል ሰርቨር፣ ማለትም አገልግሎቱን ከሚሰጠው ኮምፒዩተር ጋር በተመሰጠረ መስመር ሲገናኝ በመጀመሪያ የሰርቨሩን ማንነት የሚያሳየውን ዲጂታል ምስክር ወረቀት ይመረምራል፤ ቀጥሎም ሰርቨሩ ለዚያ ግንኙነት ብሎ የላከው ቁልፍ በእርግጥ በምስክር ወረቀቱ ባለቤት የተፈረመ መሆኑን ማረጋገጥ ይኖርበታል። ሳይደረግ ይታለፍ የነበረው ይህ ሁለተኛው ምርመራ ነው። የባንክ ገንዘብ ከፋይ የቼኩን ማኅተም አይቶ ፊርማውን ሳያመሳክር ገንዘቡን ቆጥሮ ቢሰጥ ምን ሊደርስ እንደሚችል አስቡት። በመሆኑም በካፌም ሆነ በሆቴል ዋይፋይ መካከል ላይ መግባት የቻለ ሰው የእውነተኛውን ባንክ ምስክር ወረቀት አሳይቶ ባንኩን መስሎ መቅረብ፣ የይለፍ ቃላችንን ማንበብና የምንላላከውን መለወጥ ይችል ነበር፤ በስልኩ ላይም አንዳች ማስጠንቀቂያ አይታይም።

የዚህ ሁሉ መንስኤ በአንድ የፕሮግራም ፋይል ውስጥ በስህተት ሁለት ጊዜ የተጻፈች ጎቱ ፌይል (goto fail፣ «ወደ ስህተት መውጫው ዝለል» እንደማለት) የምትል አንዲት መስመር መሆኗ እስካሁን ያስገርመኛል። የጉግል መሐንዲስ የሆነው አዳም ላንግሊ ማሻሻያው በወጣ ማግሥት እንዳብራራው፣ ሁለተኛዋ መስመር ምንም ቅድመ ሁኔታ ስላልነበራት ፕሮግራሙ ፊርማው ወደሚመረመርበት ቦታ ሳይደርስ ዘሎ ይወጣል፤ እስከዚያ ድረስ የተመዘገበ ስህተት ስለሌለም ውጤቱ «ትክክል ነው» ተብሎ ይመለሳል። ጉድለቱ ከአይኦኤስ 6 ጀምሮ ነበረ። በእኔ እምነት አፕል የስልኩን ማሻሻያ ለቅቆ ያው ጉድለት ያለባቸውን የማክ ኮምፒዩተሮች እስከ የካቲት 18 ማቆየቱ ተገቢ አልነበረም፤ የስልኩ ማሻሻያ ራሱ ክፍተቱ የት እንዳለ ለሚፈልገው ሁሉ አመልክቷልና። ባለሙያችን በእነዚያ ቀናት የማክ ሶፍትዌር የሆነው ኦኤስ ኤክስ 10.9 የተጫነበትን የሒሳብ ክፍላችንን ማክ በአፕል የድረ ገጽ መክፈቻ በሳፋሪ ፈንታ በፋየርፎክስ እንድንጠቀምበት፣ የአፕልን የኢሜይል ፕሮግራም ደግሞ ማሻሻያው እስኪወጣ እንዳንከፍተው መክሮናል።

ከሁሉ በላይ ያከበርኩት በስልኮቹ ላይ ያሳየውን ጥንቃቄ ነው። አብዛኞቹ የባልደረቦቼ አይፎኖች ዘመድ ከአሜሪካ የላካቸው ናቸው፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ ለአንድ የስልክ ኩባንያ ተቆልፈው የመጡና እዚህ ከሲም ካርዱ ጋር በሚገባ ስስ ቺፕ የሚሠሩ በመሆናቸው፣ ሶፍትዌሩ ሲታደስ መስመር እንዳያጡ ባለቤቶቹ ይፈራሉ። እርሱ ይህን ፍርሃት አላጣጣለም። በሕጋዊ መንገድ የተከፈቱትን መረጃቸውን በኮምፒዩተር ላይ ካስቀመጠ በኋላ ወደ 7.0.6 አሳደጋቸው፤ የጽዳት ባልደረባችንን አሮጌ አይፎን 3ጂኤስ፣ አይኦኤስ 7 የማይጫንበት በመሆኑ፣ ለእርሱ የወጣውን 6.1.6 ጫነበት። በቺፕ ለሚሠሩት ደግሞ ሊደርስ የሚችለውን ጉዳት አስቀድሞ ነግሮ ውሳኔውን ለባለቤቶቹ ተወ፤ ማደሱን ያልፈለጉትን ሰዎች የኢሜይል አድራሻቸውን ከስልኩ ላይ አንስቶ፣ በማያውቁት ዋይፋይ የይለፍ ቃል እንዳያስገቡ አደራ ብሏቸዋል።

ፋይሎቹን በራሱ ኢንተርኔት አውርዶ ስለመጣ የጠየቀን የድካሙን ብቻ ነው፤ በዚያን ጊዜ በነበረው የአገራችን የኢንተርኔት ፍጥነት ከአንድ ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል ማውረድ ምን ያህል ያደክም እንደነበር የሞከረው ያውቀዋል። ለ3ጂኤሱ ባለቤት ደግሞ ክፈይ ሳይል በነጻ ሠርቶላታል። እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ሥራውን ይባርክለት።

አይፎን ያላችሁ ወገኖቼ፣ ሴቲንግስ ውስጥ ጄኔራል፣ ከዚያም አባውት የሚለውን ከፍታችሁ የሶፍትዌሩን ቁጥር ተመልከቱ። ከ7.0.6 በታች የሆነ 7፣ ወይም ከ6.1.6 በታች የሆነ 6 ካያችሁ ሳትዘገዩ ወደ እርሱ ሂዱ፤ የሱቁን አድራሻ እርሱ ፈቅዶልኛልና በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ። ስልኩን ከውጭ የላከላችሁ ዘመድ ከሆነ ከመሄዳችሁ በፊት በማን የአፕል መለያ (አፕል አይዲ) እንደተመዘገበ ጠይቁትና የይለፍ ቃሉን ያዙ፤ በአይኦኤስ 7 ላይ የጠፋ ስልክ መፈለጊያው ፋይንድ ማይ አይፎን በርቶ ከሆነ ስልኩ እንደ አዲስ ከተጫነ በኋላ ያለዚያ ቃል አይከፈትም።