ቀይ ቀለም የማያሳየው አጉሊ መነጽሬ

ጽሑፍን በካሜራ አንስቶ በስክሪን አጉልቶ የሚያሳየውን ኤሌክትሮኒክ አጉሊ መነጽር የገዛሁት ከጥምቀት በፊት ነው። ለመብራት ቢል፣ ለመድኃኒት ወረቀት፣ ለቀበሌ ደብዳቤ ደህና ነው፤ እሱን በዚሁ ልለፈው። ያናደደኝ የጸሎት መጽሐፌ ላይ የሠራው ሥራ ነው።

ግላኮማ የሚባለው የዓይን ሕመም ያለበት ሰው ያውቀዋል። ነጩ ገጽ ዓይን ላይ ያንጸባርቃል፣ ፊደሉ ከወረቀቱ ጋር ይቀላቀላል። ግላኮማ የወሰደውን ደግሞ መነጽር አይመልሰውም። ይህ ዕቃ ግን አንድ ቁልፍ ሲጫኑት ወረቀቱን ጥቁር፣ ፊደሉን ነጭ ያደርገዋል። «ሲ»ን ከ«ሴ» የምትለየው የእግር ቀለበት ሳትቀር ቁልጭ ብላ ትታያለች። ያን ዕለት እልል ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ።

ከዚያ የጸሎት መጽሐፌን ከሥሩ ዘረጋሁ። የእመቤታችን ስም የለም! መስመሩ ደህና ሲሄድ ቆይቶ ባዶ ጥቁር ቦታ ይመጣል፣ አልፎ ይቀጥላል። የጸሎት መጻሕፍቶቻችን የአምላክን፣ የእመቤታችንን፣ የቅዱሳንን ስም በቀይ ያትማሉ። ዕቃው ደግሞ ቀለም ሲገለብጥ እያንዳንዷን ነጥብ ወይ ጥቁር ወይ ነጭ ነው የሚያደርጋት፤ መካከለኛ አያውቅም። የደበዘዘውን ቀይ ከወረቀቱ ቆጥሮ ያጠፋዋል። አርባ አራቱ ታቦት ባሉበት ጎንደር ቅዱሳንን የሚሰርዝ ዕቃ!

ሻጩ ቢሰማኝ «ጋሼ፣ ወደ ሙሉ ቀለም ይመልሱታ» እንደሚለኝ አውቃለሁ። መልሼዋለሁ የኔ ልጅ፤ ቀዩ ሲመጣ ነጸብራቁም ተከትሎት መጣ። «እንግዲያው በስልክ ያስነብቡት» ይበለኛ! ቴሴራክት የሚባለው ነፃ ፕሮግራም የአማርኛ ፊደል ከፎቶ ላይ ለይቶ ያወጣል፣ ለደብዳቤ ይሁን። የእኔ መጽሐፍ ግን ግእዝ ነው። ተነሽና ወዳቂ የሚባለውን የግእዝ አነባበብ ስልት ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጬ የተማርኩ ሰው፣ በማለዳ የማሽን ድምፅ ሲያምታታብኝ ቁጭ ብዬ አልሰማም።

መላውን ያመጣው ዩኒቨርሲቲ የሚማረው የእህቴ ልጅ ነው። ፒያሳ ካለ የጽሕፈት ዕቃ ሱቅ ብርሃን የሚያሳልፍ አረንጓዴ የደብተር ላስቲክ ገዝቶ፣ ቆርጦ ካሜራው ላይ ለጠፈልኝ። አረንጓዴው ከቀይ ቀለም የሚመለሰውን ብርሃን ስለሚያግድ ቀዩ ለካሜራው ጥቁር ይመስለዋል፤ ጥቁር ከመሰለው ደግሞ እንደሌላው ጽሑፍ ነጭ አድርጎ ያወጣዋል። ስሟ ተመለሰ። ላስቲኩ ጫፉ እየተላጠ ነው፣ እርጥብ ጣት ከነካው ይጨማደዳል፣ ግን ይሠራል።

አልመልሰውም፣ አልሸጠውምም። ልትገዙ ካሰባችሁ የራሳችሁን መጽሐፍ ይዛችሁ ሂዱና ቀይ ያለበትን ገጽ ሻጩ ፊት ዘርጉ፤ እነሱ የሚያሳዩአችሁ ጥቁር በነጭ የታተመ ማስታወቂያ ነው። ያን ሁሉ ብር ከተቀበሉኝ በኋላ አንዲት ቁራጭ ላስቲክ ሳጥኑ ውስጥ ጣል ቢያደርጉ ምን ነበረበት?