ቲቸርን ሳላመሰግን ሴሚስተሩ እንዳያልቅብኝ

ሰላም የቱሉ ዲምቱና የአካባቢው ሰዎች፣ እንዴት ናችሁልኝ። እኔ እንኳን ጽፌም አላውቅ፣ ስልኬን የምከፍተው ውሃ ዛሬ ለማን ብሎክ ተለቀቀ የሚለውን ለማየት ነው፣ ይሄን ግን ካልጻፍኩ ይቆጨኛል። ኮሚናላችን (የኮንዶሚኒየሙ የጋራ ቤት) ውስጥ ልጆቻችንን የሚያስጠናውን ቲቸር በአደባባይ ላመሰግነው ነው። ስሙን አልጽፍም፣ ራሱ «እትዬ እባክዎ ስሜን አያውጡት፣ ሰው ይበዛብኛል» ብሎኛል፣ ሰው እንዲበዛበት ብዬ መጻፌን ሳያውቅ። ሰፈራችን መጥታችሁ የኮሚናሉ ቲቸር የት ነው ካላችሁ ጥበቃውም ባለሱቁም ያሳዩዋችኋል።

መጀመሪያ ያየሁትን አበሳ ላውራ፣ ያለዚያ ለምን እንዲህ እንደምንሰፈሰፍ አይገባችሁም። ልጄ 11ኛ ክፍል ናት፣ ናቹራል። እስከ 10ኛ ያስተማርኳት የግል ትምህርት ቤት ነው፣ የቱ ነው አትበሉኝ። በየዓመቱ ለውይይት ብለው ይጠሩናል፣ ውይይት የሚሉት ስንት እንደጨመሩ መንገር ነው። ምዝገባው ለብቻ፣ ዩኒፎርሙ ከነሱ ብቻ፣ ደብተሩ ሳይቀር ከነሱ ብቻ። ግን ካርዱ ያምራል! ፊዚክስ 91፣ ሒሳብ 88፣ ደረጃ ውስጥ ገብታ በወላጆች ቀን መድረክ ላይ ተጨብጭቦላታል። ባለቤቴ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው፣ ካርዱን ፎቶ አንስቼ ስልክለት ገላፊ ድንበር ላይ ተራ ሲጠብቅ ለጓደኞቹ እያዞረ ያሳይ ነበር፣ ልጄ ዶክተር ልትሆን ነው እያለ።

ዘንድሮ ክፍያው ከአቅማችን በላይ ሲሆን የመንግስት ትምህርት ቤት አስገባናት። የመጀመሪያው ሴሚስተር ካርድ ጥር ላይ መጣ። ፊዚክስ 43። ሒሳብ 47። እኔ የሌላ ልጅ ካርድ መስሎኝ ስሙን ደጋግሜ አየሁት። የ91 ልጅ እንዴት 43 ታመጣለች ብዬ የድሮው ትምህርት ቤት ሄጄ ብጠይቅ «እኛ ጋ እያለች ጎበዝ ነበረች» አሉኝ፣ አለቀ። እኔስ የምፈልገው እኮ እሱን አልነበረም፣ ምን አስተምራችኋት ነው 91 የሰጣችኋት ነው ጥያቄዬ።

ከዛ አስጠኚ ፍለጋ ገባን። ይሄ ደግሞ ሌላ መከራ ነው። በደላላ የመጣው የመጀመሪያው ልጅ ስልኩን እያየ ቁጭ ብሎ ሰዓቱን ይጨርሳል፣ ሻዩን ጠጥቶ ይወጣል። የተተካው ደግሞ የቤት ስራዋን ራሱ ይሰራላትና «ገባሽ?» ይላታል፣ እሷም «ገባኝ» ትላለች፣ እኔ ደግሞ ወጥ እየሰራሁ ሰምቼ ደስ ይለኛል። ቀጥሎ አንድ ማዕከል ገባች፣ በሩ ላይ ትልቅ ባነር፣ ጋውን የለበሱ ልጆች ፎቶ የተደረደረበት። ሶስት ወር ቅድሚያ ክፈሉ፣ የከፈላችሁት አይመለስም። አንድ ክፍል ውስጥ ልጆቹ ተፋፍገው ተቀምጠው አስተማሪው ደግሞ በየሳምንቱ ይቀያየራል፣ ባለፈው የት ደረሳችሁ እያለ ልጆቹን ይጠይቃል። እንዴ! አንተ አይደለህ እንዴ የምታውቀው? ብቻ ብራችን እዛው ቀረ።

እና አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፣ እነዚህ ሁሉ ምንም የማያውቁት ጥያቄ አልነበረም። ልጅቷ ምን ብትጠይቅ ወዲያው መልስ አለ። ይሄን ያልኩት ለምን እንደሆነ ኋላ ይገባችኋል።

እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ 12ኛ ክፍል ነው። 8ኛ ላይ ሚኒስትሪ ይፈተናሉ፣ ከዛ የ10ኛው ብሔራዊ ፈተና በ2011 ለመጨረሻ ጊዜ ተሰጥቶ ስለቀረ እስከ 12ኛ ድረስ ልጁ የት እንዳለ የሚነግራችሁ ከትምህርት ቤቱ ካርድ ሌላ የለም። ካርዱ ደግሞ ይሄው አየነው። በ2014 ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሲሰጥ ከተፈተኑት ግማሽና ከዛ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ናቸው። በ2015 3.2። በ2016 ትንሽ ተሻለ ተብሎ 5.4። ከመቶ ልጅ አምስት ማለት ነው እኮ! ከቀሩት ውስጥ ካርዱ ላይ 80 እና 90 ሲጻፍለት የኖረ ስንት አለ? እናቱ እንደኔ ስታጨበጭብ የኖረች?

ወደ ቲቸር ልመለስ። ስለሱ የነገረችኝ የታችኛው ፎቅ ጎረቤቴ ናት፣ የሷ ልጅ 9ኛ ነው። ቲቸር ቀን መንግስት ትምህርት ቤት ያስተምራል፣ እዚሁ ተከራይቶ ነው የሚኖረው፣ እና ልጆቹ ደረጃ ላይ ተቀምጠው ሲያጠኑ አይቶ የብሎክ ኮሚቴውን ኮሚናሉን ፍቀዱልኝ ብሎ ጠየቀ። ኮሚናሉ የዕድሩ ድንኳንና አግዳሚ የተቆለለበት ነበር። የዕድሩ ሊቀመንበር መጀመሪያ እምቢ አሉ፣ አግዳሚው ይሰበራል፣ ለቅሶ ሲመጣ በምን እንቀመጥ ብለው። ቲቸር ለቅሶ ካለ በዛ ቀን ትምህርት የለም፣ የተሰበረ ካለ እኔ አሰራለሁ ብሎ ፈርሞ ነው ቁልፉን የተቀበለው። አሁን ሊቀመንበሩ ራሳቸው የልጅ ልጃቸውን ያመጣሉ፣ የፊት አግዳሚ ላይ ነው የሚያስቀምጡት ደግሞ።

ይሄ ሰው መጀመሪያ የጠየቀን ስለ ብር አይደለም፣ ውሃ የሚመጣው መቼ መቼ ነው ብሎ ነው። የውሃ ቀን ልጆቹ ጄሪካን ሲያመላልሱ ይውላሉ፣ አራተኛ ፎቅ ያለ ልጅ በዛ ቀን ምን ሊያጠና ይችላል? ማንም አስጠኚ ይሄን አስቦልን አያውቅም። በፈረቃው ነው ፕሮግራሙን ያወጣው። ረመዳን ላይ ሙስሊም ልጆች ለኢፍጣር እንዲደርሱ ቀደም አድርጎ ይጨርስ ነበር፣ ሴቶቹ ልጆች ደግሞ በየብሎካቸው ተሰብስበው አንድ ላይ ሳይወጡ በሩን አይዘጋም። ክፍያውም ማዕከሉ ከወሰደብን ግማሹን አይሞላም። መክፈል የማይችሉ ልጆችም አሉ፣ የትኞቹ እንደሆኑ ግን እኔም አላውቅም፣ ልጆቹም አያውቁም፣ እሱ ብቻ ነው የሚያውቀው።

ልጄን የተቀበላት ቀን ፊዚክስ አላስተማራትም። አንድ ወረቀት ሰጣት፣ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ሒሳብ ነው አለች፣ ክፍልፋይ፣ ኔጌቲቭ ምናምን። እሷ ተናዳ መጣች፣ እንደ ልጅ አየኝ ብላ። እሱ ግን ማታ ጠርቶኝ «እትዬ፣ ልጅቷ ፊዚክስ አይደለም ያቃታት፣ ከስር የተዘለለ አለ፣ ትንሽ ወደኋላ እንመለሳለን፣ እንዳይደነግጡ» አለኝ። ምን እንደተዘለለ አስረድቶኛል፣ እኔ አልገባኝም፣ ግን ከዛ ሁሉ ሰው ውስጥ ችግሯ እዚህ ጋ ነው ብሎ በጣቱ ያሳየኝ እሱ ብቻ ነው።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። መጋቢት ላይ ነው፣ ጾም ውስጥ። ልጆች የሚቀባበሉት በቴሌግራም የሚዞር ወርክሺት አለ አይደል፣ ልጄ ከሱ ውስጥ አንድ ጥያቄ ይዛ ሄደች። ግድግዳ ላይ ስለተደገፈ መሰላል ነው፣ ይንሸራተታል አይንሸራተትም የሚል። (እኔ እንደሆንኩ የሚያጠራጥር መሰላል ላይ ከመጀመሪያውም አልወጣም።) ያን ቀን እኔ ማርከር ገዝቼ ላደርስ ሄጄ በር ላይ ቆሜ ነበር። ቲቸር ቦርዱ ላይ ጻፈ፣ አጠፋ፣ እንደገና ጻፈ። ልጆቹ ሁሉ ዝም ብለው ያዩታል። ከዛ ዞር ብሎ «የኔ መልስ እዚህ ከተጻፈው ጋር አልገጠመም፣ የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ አላወቅኩም፣ ነገ አውቄው እመጣለሁ» አላቸው። በቃ። አላፈረም፣ አልተቆጣም፣ ይሄ ፈተና ላይ አይመጣም ብሎም አላለፈው።

እኔ እዛው በር ላይ ቆሜ ወይ ጉድ፣ ይሄም አያውቅም ማለት ነው ብዬ ልቤ ዝቅ አለ፣ አልዋሽም።

በማግስቱ ከስራ ወጥቶ ቂሊንጦ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ጓደኛው ጋ ሄዶ አብረው ሰርተውት መጣ። ለካ የተሳሳተው ወረቀቱ ነው! መልሱ «ሲ» ነው የሚለው፣ ትክክለኛው «ቢ» ነው። ስንት ልጅ ያንን ሲ ሸምድዶ ይሆን? ቲቸር ግን አያችሁ አላለም፣ የመጀመሪያውን ስራ እንዳለ ቦርዱ ላይ መልሶ ጽፎ ልጆቹን ራሳቸውን አስፈለጋቸው፣ አንድ ላይ ደረሱበት። ከዛ ጠያቂዋን ልጄን አስነስቶ «ወረቀት ላይ የታተመ ሁሉ ልክ አይደለም፣ ቲቸር ያለው ሁሉም ልክ አይደለም፣ ዛሬ ያስተማረችን እሷ ናት» አላት።

ልጄ እቤት ስትመጣ ፊቷ ሌላ ነበር። ይቺ ልጅ እኮ ባይገባትም ገባኝ ስትል የኖረች ናት። ከዛ ቀን ወዲህ «አልገባኝም፣ ድገምልኝ» ማለት ተምራለች፣ ለኔ ሳይቀር፣ ሽሮ እንዴት እንደሚንተከተክ ስነግራት ለምን መጀመሪያ ሽንኩርቱ ትለኛለች። ለወንድሟም እሷ ናት አሁን የምታስረዳው፣ የ7ኛ ክፍል ሒሳብ ነውና ዘንድሮ በደንብ ታውቀዋለች።

ሚድ ላይ ፊዚክስ ከ30 21 አመጣች። ለባለቤቴ ፎቶውን ስልክለት «21? ከስንት?» አለኝ፣ የድሮው 91 ለምዶበት። ይሄኛው የራሷ ነው አልኩት። ገና ብዙ ይቀራታል፣ ቲቸርም እንደዛው ነው የሚለው፣ አይዞሽ ጎበዝ ነሽ እያለ አይሸነግላትም፣ ይሄ ይሄ ይቀርሻል ብሎ ጽፎ ይሰጣታል። እሱን ወረቀት ፍሪጅ ላይ ለጥፋዋለች፣ አንድ አንድ እያለች ትሰርዛለች።

ግንቦት ልደታ ቀን ግቢው ውስጥ እንደወትሮው ንፍሮ ቀቅለን ቡና አፍልተን ተሰብስበን ነበር፣ ዝናቡም አልመጣብንም። ቲቸርን በግድ አስቀመጥነው፣ ንፍሮውን ዘገነ፣ ቡናውን ጠጣ፣ ትንሽ ቆይቶ ሰዓቱን አየና «እናቶች ይመረቁ፣ ልጆች ግቡ» ብሎ ሰብስቧቸው ገባ። ልደታን የሚያህል በዓል! አንዷ እናት ኧረ ዛሬ እንኳን ተዋቸው ብትለው «ፈተናው ልደታን አያውቅም» አላት። ሳቅን። ሲመርቁ የነበሩት እማማ ግን ምርቃታቸውን በሩ ድረስ ተከትለው ነው የጨረሱት፣ እኔም በዚህ አጋጣሚ አሜን እላለሁ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥህ ቲቸር፣ ትዳርም ይስጥህ (ገና ነው ይሉኛል)።

እና ወላጆች፣ በእግዚአብሔር፣ ባነር አይታችሁ ብር አትክፈሉ። መጀመሪያ ልጃችሁ ጋ ቁጭ ብሎ የቱ ጋ እንደጎደለ የሚያይ ሰው ፈልጉ። ቱሉ ዲምቱ ላላችሁ ደግሞ ሩቅ አትሂዱ፣ እኛ ኮሚናል ኑ፣ ራሳችሁ በር ላይ ቆማችሁ አንድ ቀን እዩት፣ እሱ በር አይዘጋም። ከሰኔ ፈተና በኋላ ክረምቱን ሙሉ ወደ 12ኛ የሚያልፉትን ይዞ ይቀጥላል፣ 9ኛና 10ኛ ጠዋት ይሆናሉ ብሏል። ያገለገለ የተማሪ መጽሐፍ ያላችሁ አምጡልን፣ ማርከር ቶሎ ያልቃል፣ አንደኛው አምፖል ደግሞ ተቃጥሏል፣ ኤሌክትሪሺያን የሆነ ጎረቤት ካለ መስመሩን ቢያይልን ምርቃት ነው።

ሰዓቱንና ቦታውን ለማወቅ ኢንቦክስ አድርጉኝ፣ ማታ ከስራ ስገባ እመልሳለሁ። አግዳሚው ሲሞላ ግን «ለቲቸር ንገሪልን» ብላችሁ እንዳትመጡብኝ፣ የገዛ እህቴን ልጅ ይዤ ሄጄ ተራ ጠብቂ ብሎኛል።