ከስምንት ወር በኋላ፦ ሴል የማይጣበቅበት ባለ 96 ጉድጓድ ፕሌት

ስለ ስልክና ስለ ጆሮ ማዳመጫ ሁሉም ይጽፋል። እኔ ደግሞ ስለ ፕላስቲክ ፕሌት፣ ሴል ስለሚያድግባቸው 96 ትንንሽ ጉድጓዶች ስላሉት ሰሌዳ ልጻፍ። የካንሰር መድኃኒት በሴል ላይ የምትሞክሩ ካላችሁ፣ ወይም ልትገዙ ብላችሁ ዋጋውን አይታችሁ የደነገጣችሁ፣ ይህች ለእናንተ ናት። የምሠራበት ላብ ባልቲሞር ነው። ከተማዋ ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለችም፤ በ1951 (እ.ኤ.አ.) የማኅጸን በር ካንሰር ከነበረባት ታካሚ ከሄንሪየታ ላክስ ሳትጠየቅ የተወሰዱትና እስከ ዛሬ የሚባዙት ሄላ ሴሎች የተገኙት እዚሁ ጆንስ ሆፕኪንስ ነው።

ዕቃው ሲታይ ምንም አይመስልም። ጉድጓዶቹ ከውስጥ እንደ ስኒ ክብ ናቸው፣ ፕላስቲኩም ሴል እንዳይጣበቅበት ተቀብቷል። ሴሎቹ የሚይዙት ሲያጡ እርስ በርስ ይያያዛሉ፤ በሦስት ቀን ውስጥ በየጉድጓዱ አንድ አንድ ኳስ ይሆናሉ። ስሙ ስፌሮይድ ነው፣ እኔ ግን ኳስ ነው የምለው።

ከዚህ በፊት ለሁለት ዓመት ኤምሲኤፍ-7 የሚባሉትን የጡት ካንሰር ሴሎች በጠፍጣፋ ፕሌት ነበር የማሳድገው። መድኃኒቱን ትጨምራላችሁ፣ 72 ሰዓት ትጠብቃላችሁ፣ የተረፈውን ትለካላችሁ። ግራፉ ያምራል፣ አለቃም ደስ ይለዋል። ችግሩ ዕጢ ሰው ሰውነት ውስጥ እንደ እንጀራ ተዘርግቶ አለመኖሩ ነው። በጠፍጣፋው ላይ እያንዳንዱ ሴል መድኃኒቱን እኩል ያገኛል፣ ኦክስጅኑንም እኩል። ኳሱ ውስጥ እንደዚያ የለም። ኦክስጅን ከዳር ወደ ውስጥ የሚዘልቀው ከ150 እስከ 200 ማይክሮሜትር አካባቢ ብቻ ነው፤ የኳሱ ስፋት ከ500 ማይክሮሜትር (ግማሽ ሚሊሜትር) ሲያልፍ መሃሉ መሞት ይጀምራል፣ በመሃልና በዳር መካከል ያሉት ደግሞ መባዛት አቁመው ቁጭ ይላሉ።

ሁለተኛው ወር ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። ዶክሶሩቢሲን ቀይ መድኃኒት ነው፤ ኬሞ የወሰደ ዘመድ ያለው ሰው ያንን ቀለም ያውቀዋል። በፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ ሲታይ በራሱ ያበራል፣ ሌላ ማቅለሚያ አያስፈልገውም። በጠፍጣፋው ፕሌት ግማሹን ሴል በገደለው መጠን ኳሶቹን አጠጣኋቸውና ከጥቂት ሰዓት በኋላ አየሁ። ዳሩ ቀይ ቀለበት፣ መሃሉ ድቅድቅ ጨለማ። መድኃኒቱ ዳር ያሉት ሴሎች ዲኤንኤ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል። ከሦስት ቀን በኋላም ኳሱ ትንሽ አነሰ እንጂ ጉዳዬም አላለው። የሁለት ዓመት ግራፎቼን አስቤ ወንበሬ ላይ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ይህን ፕሌት የምወደው በዚህ ነው፣ መጥፎ ወሬውን አስቀድሞ ይነግራችኋል።

አሁን ወደ ምሬቱ። ሚዲያ፣ ማለትም ሴሎቹ የሚመገቡትን ፈሳሽ፣ መቀየር ስቃይ ነው። ኳሷ ከታች ስላልተጣበቀች ፈሳሽ የምንመጥበት ፒፔት ትንሽ ዝቅ ካለ ሹልክ ብላ ጫፉ ውስጥ ትገባለች፤ ባዶ ጉድጓድ እያያችሁ ኳሷን ቆሻሻ ውስጥ ትፈልጋላችሁ። በመጀመሪያው ወር ከአንድ ፕሌት 14 ጠፍተውብኛል። አሁን ግማሹን ሚዲያ ብቻ ነው የማወጣው፣ ያውም ጫፉን ከግድግዳው አስጠግቼ፣ ትንፋሼን ይዤ።

ዳር ያሉት 36 ጉድጓዶች ደግሞ ይደርቃሉ። እነሱን ፒቢኤስ በሚባል የጨው ውሃ ሞልቼ መሃል ባሉት 60 ብቻ እሠራለሁ፣ ስለዚህ የ96 ከፍላችሁ የ60 ነው የምትጠቀሙት። የተረፈውን ሴል በቀለም የሚለካው ኤምቲቲም እዚህ አያዋጣም፣ ቀለሙ ኳሱ ውስጥ በደንብ አይገባም። ኤቲፒ፣ ማለትም በሕይወት ያለ ሴል የሚይዘውን የኃይል ሞለኪውል፣ የሚለካውን ኪት ተጠቀሙ፤ ፕሌቱንም ኳሱ እስኪፈርስ ድረስ ከተለመደው በላይ አንቀጥቅጡት።

ሁሉም ሴል ኳስ ይሠራል ብላችሁም እንዳትሸወዱ። ኤችሲቲ116 የሚባለው የአንጀት ካንሰር ጠጠር የመሰለ ኳስ ይሠራል። ኤምዲኤ-ኤምቢ-231 የሚባለው ሌላ የጡት ካንሰር ሴል ግን እንደ ተበተነ ፍርፋሪ ነው የሚሆነው፤ ከአይጥ ዕጢ የሚወጣውን ጄል ትንሽ ካልጨመራችሁለት አይሰበሰብም። ያ ጄል ደግሞ ከበረዶ ላይ ሲነሳ እጃችሁ ላይ ይረጋል፣ የራሱ ጣጣ አለው።

አምስተኛው ወር ላይ አንድ ካርቶን ተበላሽቶ መጣ። ግማሹ ፕሌት ላይ ሴሎቹ እንደ ድሮው ታች ተለጥፈው ተገኙ፣ ቅቡ አልተቀባም ማለት ነው። ስሙን የማልጠራው አቅራቢ ጋ ስደውል መጀመሪያ የጠየቁኝ የሎት ቁጥሩን፣ ማለትም ዕቃው ከየትኛው ምርት እንደወጣ የሚያሳየውን ቁጥር፣ ነው። ቁጥሩ ያለው ከረጢቱ ላይ ነበር፣ ከረጢቱን ጥዬዋለሁ። ገንዘቡም በዚያው ቀረ።

ዋጋው የተራውን ፕሌት ብዙ እጥፍ ነው። አዲስ አበባ ያለች ጓደኛዬ ከዕፅዋት የምታወጣውን ነገር ሴል ላይ ትሞክራለች፣ ይህን ፕሌት የምትገዛበት በጀት ግን የላትም። እሷ ከባሕር አረም የሚሠራውን አጋሮዝ የሚባል ጄል በማይክሮዌቭ አቅልጣ ተራ ፕሌት ጉድጓዶች ውስጥ በትኩሱ ትጨምራለች፤ ሲረጋ ሴል አይይዝም፣ ኳሱም ይሠራል። ፎቶ ስትልክልኝ የእኔንና የእሷን መለየት አልቻልኩም። ልዩነቱ እሷ አንድ ከሰዓት ሙሉ ማፍሰሷ ነው፣ መብራት ሲሄድ ደግሞ ሴሎቹ የሚሞቁበትን ኢንኩቤተር መጠበቅ አለባት።

ኳሱ ዕጢ ነው ማለቴ ግን አይደለም። የደም ሥር የለው፣ በሽታ ተከላካይ ሴል የለው። አንድ ታካሚ ላይ የትኛው መድኃኒት ይሠራል የሚለው ከሆነ ጥያቄያችሁ ከታካሚው ዕጢ የሚሠሩትና ዕጢውን የሚመስሉት ትንንሽ የሴል ስብስቦች፣ ኦርጋኖይዶች፣ ይሻላሉ፤ በ2018 (እ.ኤ.አ.) ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ኦርጋኖይዱ ላይ ያልሠራ መድኃኒት ታካሚውም ላይ እንዳልሠራ አሳይቷል። ግን ጊዜውም ወጪውም ሌላ ነው። ጥያቄያችሁ «መድኃኒቴ ወደ ውስጥ ይገባል ወይ?» ከሆነ ይህ ፕሌት ይበቃችኋል።

ባለፈው ሳምንት ሁለት ካርቶን አዝዣለሁ። ከረጢቶቹን ፍሪጁ በር ላይ በፕላስተር ለጥፌያቸዋለሁ፣ ማንም እንዳይነካ ብዬ ጽፌበታለሁ።